ጦርነትም ቢሆን ደብዳቤ ይለፍ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በሰሜን ጦርነት ሲፈነዳ የትግራይ ስልክም አብሮ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወዳጁን የሚያገኝበት መስመር አልነበረውም። በመካከሉ በመቀሌና በሌሎች ጥቂት ከተሞች ስልክ ተመልሶ ነበር፤ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ጦር ከመቀሌ ሲወጣ ግን ያም ቀረ። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ክልሎች ሲዘልቅ የቆቦ፣ የወልድያና የላሊበላ ነዋሪም በተራው ከዘመዱ ተቆራረጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በወለጋ አካባቢዎች፣ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር።

እነዚህን ዓመታት ስንመረምር የምንደርስበት ፍርድ አንድ ነው። የቤተሰብን ወሬ ማቋረጥ የትኛውም ወገን፣ በየትኛውም ምክንያት ሊፈጽመው የማይገባ በደል ነው። ይህን በደል የሚከለክል፣ የሚፈጽመውንም የሚያስጠይቅ ሕግ ሊኖረን ይገባል። ሕጉ መውጣት ያለበትም ሌላ ጦርነት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ዛሬ ነው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ቤተሰብ እንዴት እንደኖረ የማያውቅ ሰፈር አገራችን ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ያለች እናት ጠዋት ተነሥታ አድዋ ወዳለው ልጇ ትደውላለች፤ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል የሚናገረውን የተቀረጸ ድምፅ ሰምታ ስልኩን ታስቀምጣለች፤ በማግስቱም ደግማ ትሞክራለች። ሽሬ ያለ አባት ዩኒቨርሲቲ የላካት ልጁ የት እንደደረሰች ሳያውቅ ከርሟል። ልጅ ተወልዶ ክርስትና ሲነሣ ከመስመሩ ማዶ ያለው አባት አልሰማም። በዋሽንግተንና በሪያድ እየሠራ ለእናቱ የቤት ኪራይና የመድኃኒት ገንዘብ ይልክ የነበረው ልጅ ባንኩ ሲዘጋ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት በአንድ አገር እየኖሩ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ቀርቶ ድምፅ ከተሰማሙ ሁለት ክረምት አለፋቸው።

የጦር ግንባር ላይ የነበረውም ያው የሰው ልጅ ነው። የመከላከያ ሠራዊት አባል የሆነው ወጣት ከአርሲ ወይም ከጎጃም፣ የትግራይ ታጣቂ የሆነው ከተምቤን ወይም ከአጋሜ የመጣ የእናት ልጅ ነው። የሁለቱም እናቶች ሥጋት አንድ ነበር፤ የሁለቱም ጥያቄ «ልጄ አለ ወይ?» የሚል ነበር። በትግራይ በኩል በጦርነቱ የወደቁ ታጋዮችን ሞት ለቤተሰቦቻቸው በይፋ የማርዳቱ ሥራ የተከናወነው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጦርነቱን ያስቆመው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በየአቅጣጫው ዛሬም ቁርጡን ያላወቀ ቤተሰብ ብዙ ነው።

በኛ አገር ሞት የራሱ ወግ አለው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤም አይጻፍም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ሌሊት ተጠራርተው ጎህ ሲቀድ ከሐዘንተኛው ደጅ ይደርሳሉ፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ደጋፊ በቆመበት ይነገራል። ባህር ማዶ ያለው ወገናችን እንኳ ይህን ወግ ይዞ ሄዷል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ፍትሐትና ተዝካር ይከተላል፤ ሙስሊሙም በሃይማኖቱ ሥርዓት ዱዓውን ያደርሳል። ሐዘን በዚህ መንገድ ከጎረቤት ጋር ተከፋፍሎ ይቀልላል። መስመር የተዘጋበት ቤተሰብ ግን ይህ ሁሉ ተነፍጎታል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስልክ በየከተማው ሲመለስ የሁለት ዓመት መርዶ በአንድ ሰሞን ወረደ። ለወራት ሲመኘው የነበረውን ቁጥር ለመደወል እጁ የፈራ ሰው ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ማን እንደሚያነሣው አያውቅምና። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ በረራውን ሲጀምር ተሳፋሪዎችና ተቀባዮች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ዓለም አይቷል። ያ ዕንባ የደስታ ብቻ አልነበረም።

ዝምታው ሕጋዊ መዘዝም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ያ ውሳኔ ትዳርንም ውርስንም ይነካል። ሕግ አውጪው ያሰበው ራሱ ዝም ያለውን ሰው ነው። ጦርነቱ ከፈነዳበት ከጥቅምት 2013 የሰላም ስምምነቱ እስከተፈረመበት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ግን ልክ ሁለት ዓመት ነው። አንድ ሕዝብ በሕይወት እያለ፣ መናገር እየፈለገ፣ በሕግ ዓይን ወሬው ከጠፋ ሰው ተርታ ሊሰለፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሄደው ሰው ሞቶ ይሁን ቆሞ የማታውቅ ሚስት ማቅ ትልበስ ወይስ ትጠብቅ? መሬቱን ማን ይረስ፣ ዕዳውን ማን ይክፈል፣ ልጆቹ በማን ስም ይመዝገቡ? ወሬ ሲቋረጥ የቤተሰቡ ኑሮ በሙሉ ካለበት ይቆማል።

በዚህ ጨለማ ውስጥ አንዲት ቀጭን መንገድ ክፍት ሆና ነበር፤ የቀይ መስቀል መልእክት። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚያመላልሱት ይህ መልእክት አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ላኪው ስሙንና አድራሻውን፣ የተቀባዩንም ስምና ይገኝበታል የሚባለውን ቀበሌ ይሞላል፤ ከዚያ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጽፋል። ስለ ጦሩ፣ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ መንገዱ ምንም አይጻፍም። ወረቀቱ በፖስታ አይታሸግም፤ ሊመረምር የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። በጎ ፈቃደኛው ቅጹን ይዞ ገበያና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የተፈናቃይ መጠለያ እየዞረ ባለቤቱን ያፈላልጋል፤ ማንበብ ለማይችል ያነብለታል፣ መልሱንም ይጽፍለታል።

ይህ ቅጽ ለኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲጽፉት የኖሩት ደብዳቤ ይኸው ነበር። «ይድረስ ለተወደድከው ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን» ብሎ ይጀምርና «ሰላም ይሉሃል» ወደሚለው የስም ዝርዝር ይሄዳል። አያት፣ አጎት፣ የጎረቤት ልጅ፣ የክርስትና እናት አንድ በአንድ ይጠራሉ። ግንባር ያለው ወታደር፣ ከተማ የገባው ተማሪ፣ አረብ አገር የሄደችው ልጅ ያን ዝርዝር ጣታቸውን እያስኬዱ ያነቡታል። መርዶ በደብዳቤ ስለማይጻፍ ከዝርዝሩ የጎደለ ስም ልብ ያስደነግጣል። ደህንነትም ሐዘንም በዚያች ገጽ ላይ ይነበባል። አንድም የጦር ምስጢር ግን የለባትም።

ታዲያ ይህች ገጽ እንዳታልፍ መከልከል ምን ይጠቅማል? በሌሎች አገሮች የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የተዋጉ ወገኖች ከኛ ባላነሰ ጭካኔ እየተላለቁ እንኳ ደብዳቤ አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ወታደር ሞቷል። የሰሜኑና የደቡቡ የፖስታ አገልግሎት በ1861 አጋማሽ ተለያይቷል። ቢሆንም በነጭ ባንዲራ ሥር ደብዳቤ የሚለዋወጡባቸው በሮች ተከፈቱ፤ ከነዚህም በቨርጂኒያ የሚገኘው ፎርት ሞንሮ የታወቀው ነው። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፣ ሳይታሸግ ይሰጥ፣ የሁለቱም ወገን የፖስታ ክፍያ ይከፈልበት። መርማሪው አንብቦ ያሳልፈዋል። ሪችመንድ ያለች እናት ፊላዴልፊያ ላለች ልጇ ደህና ነኝ ማለት ትችል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኛ ታሪክም ጋር ይገናኛል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ እ.ኤ.አ. በ1935 የቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም የተቋቋመው በዚያው ዓመት፣ በኛ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ነው። ጁኖ የፋሺስት ኢጣሊያን የመርዝ ጋዝና የቦምብ ድብደባ በዓይኑ አይቷል። ከኛ አገር እንደወጣ በ1936 ወደ ስፔን ተላከ። እዚያም ሪፐብሊካኖችና የፍራንኮ ብሔርተኞች አገሩን ለሁለት ከፍለው ሲዋጉ፣ ቤተሰብ በመስመሩ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ሲጨነቅ አገኘው። ቀይ መስቀል አጭር የቤተሰብ መልእክት የሚጻፍበት ካርድ አዘጋጅቶ፣ ሁለቱም ወገኖች እየመረመሩት፣ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ አምስት ሚሊዮን ያህል መልእክት አመላልሷል። የወንድማማቾች ጭካኔ ምን ያህል እንደሚከፋ ከስፔን የበለጠ ያሳየ አገር ጥቂት ነው፤ ያም አገር ግን ካርዱን አሳልፏል።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 25 ማንኛውም ሰው የትም ላሉ የቤተሰቡ አባላት የግል ወሬውን እንዲያደርስና ከነሱም እንዲቀበል መፈቀድ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ግን በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው። ለእርስ በርስ ጦርነት የተዘጋጀውና አገራችን በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል የደብዳቤን መብት በግልጽ የሚሰጠው ለታሰሩ ሰዎች ነው፤ ለተበታተኑ ቤተሰቦችም መገናኘት እንዲመቻች ያዛል። በልማድ የጸናው ዓለም አቀፍ ሕግም በተቻለ መጠን የቤተሰብ ሕይወት እንዲከበር ይጠይቃል። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም፤ በወንድማማቾች ጦርነት ላይ ግን ሕጉ ሳስቷል።

የራሳችን ሕገ መንግሥት ከዚህ ይሻላል። አንቀጽ 26 የደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይከለክላል። አንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰቡ የተፈጥሮ መሠረት ስለሆነ ከኅብረተሰቡና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛውና ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። ቀዳዳው ያለው አንቀጽ 93 ላይ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅም ቢሆን ሊታገዱ የማይችሉ ተብለው ከተዘረዘሩት አንቀጾች መካከል እነዚህ ሦስቱ የሉም። መብቱ በሰላም ጊዜ ይኖራል፤ ቤተሰብ ከምንጊዜውም ይልቅ በሚፈልገው ቀን ግን ሊነጠቅ ይችላል።

መስመር ይዘጋ የሚሉ ወገኖች የሚያነሡት ምክንያት ሳይመዘን መታለፍ የለበትም። ስልክ የጦር እንቅስቃሴን ይጠቁማል፣ መድፍ ያነጣጥራል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጭ የጥላቻ ንግግር ንጹሐንን ያስገድላል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ በአገራችን በሐሰት ወሬ የፈሰሰውን ደም እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ምክንያት ቢበዛ ጦር በሚንቀሳቀስበት ቦታና ሰዓት ለሚደረግ አጭር ገደብ ይበቃ ይሆናል። የሚሊዮኖችን ስልክ ለወራትና ለዓመታት ለመዝጋት አይበቃም። ተከፍቶ የሚነበበውን፣ ሳምንታት ቆይቶ የሚደርሰውን ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለማስቆምማ ጨርሶ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በቀይ መስቀል ቢሮ፣ ሰው በተቀመጠበት፣ ሁለት ደቂቃ «ደህና ናችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትኛውን ጦር ይጎዳል?

ዝምታ ሐሰተኛ ወሬንም አይገታም፤ ያባብሰዋል። የታመነ ሰው ድምፅ የማይሰማበት አገር ያልታመነውን ሁሉ ይሰማል። የሞተው ስንት ነው፣ የት መንደር ምን ተደረገ ተብሎ የተነገረው ሁሉ እውነት ይመስላል፤ የሚያስተባብል ዘመድ በስልክ አይገኝምና። በዚያ ጊዜ በሁሉም ወገን የተዘራው ጥላቻ ሥር ሊሰድ የቻለው፣ ትናንት ጎረቤት የነበሩ ሰዎች ዛሬ አንዳቸው የሌላውን ለቅሶ መስማት ባለመቻላቸው ጭምር ነው።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ተፋላሚዎቹ አንዱ ሌላውን ይጠቁማሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ጦርነቱ በተጀመረበት ሌሊት መቀሌ ባለው ጣቢያው ታጣቂዎች መስመሩን ሆን ብለው አቋርጠዋል ብሎ ማስረጃ ነው ያለውን ምስል አሳይቷል። በሌላ በኩል መንግሥት መስመሩን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ በማቆየቱና ባንክ በመዝጋቱ ሲወቀስ ቆይቷል። በመጀመሪያዋ ሌሊት መስመሩን ማን እንደዘጋው በገለልተኛ መርማሪ ይጣራ። የሁለት ዓመቱ ዝምታ ኃላፊነት ግን በዚያ ሌሊት አያልቅም። ለዜጋው ጥበቃ የማድረግ የመጀመሪያው ግዴታ የመንግሥት ነው፤ ግዴታው ከተፋላሚው ወገን ጥፋት ጋር የሚቻቻል አይደለም። መሬት የያዘ ታጣቂ ኃይልም በያዘው መሬት ላይ ላለው ቤተሰብ ይጠየቃል። ቆቦና ላሊበላ ያሉ እናቶች ለትግራይ እናቶች ከሚገባው ያነሰ አይገባቸውም፤ የወለጋና የጎጃም እናቶችም እንዲሁ።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ግንኙነትን የሚጠብቅ ዐዋጅ ያውጣ። ዐዋጁ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የድምፅ ስልክን በጅምላ መዝጋትን ይከልክል። ገደብ ግድ ከሆነ በጽሑፍ ትእዛዝ፣ በስም በሚጠየቅ ባለሥልጣን፣ ቦታውና ቀኑ ተቆርጦ፣ በፍርድ ቤት ሊመረመር በሚችልበት መንገድ ብቻ ይሁን። የቀይ መስቀል መልእክት ግን ከመጀመሪያዋ የጦርነት ቀን ጀምሮ በየትኛውም ኬላ እንዳይቆም በግልጽ ይደንገግ፤ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረው ፖስታ ቤትም በዚህ ሥራ ድርሻ ይኑረው።

ሁለተኛ፣ የታሰረና የተማረከ ሰው ቤተሰብ በአጭር ጊዜ ይነገረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አፈጻጸም መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። ይህ ግዴታ በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ ስም ዝርዝሩ በየወረዳው ቤተሰብ በሚደርስበት ቦታ ይለጠፍ።

ሦስተኛ፣ በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ ሰዎች ብሔራዊ መዝገብ ይቋቋም፤ የወታደሩም፣ የታጣቂውም፣ የሲቪሉም ስም በእኩል ይስፈር። መርዶ በወጉ ይነገር፤ የመቃብር ቦታ የታወቀ እንደሆነ ለቤተሰቡ ይገለጽ። ፍርድ ቤቶችም የመጥፋት ውሳኔ ሲጠየቁ መስመር የተዘጋበትን ጊዜ እንደ ዝምታ እንዳይቆጥሩት መመሪያ ይሰጣቸው።

አራተኛ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሲተገበር የቤተሰብ መቆራረጥ እንደ አንድ ራሱን የቻለ በደል ይሰማ። ምስክር ሆነው የሚቀርቡት እናቶች ስለ ግድያና ዝርፊያ ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ዝምታም ይጠየቁ። በየቤቱ የተቀመጡት የቀይ መስቀል ቅጾችና ደብዳቤዎችም ባለቤቶቻቸው ከፈቀዱ በአገሪቱ ቤተ መዛግብት ይጠበቁ፤ ይህን ጦርነት የሚጽፍ የነገ ታሪክ ጸሐፊ ከጄኔራሎች መግለጫ በላይ የሚያምነው እነርሱን ነው።

ከኤርትራ ጋር የነበረው መለያየት ምን እንዳስከፈለን እናውቃለን። ከ1990 ዓ.ም. በኋላ የተቋረጠው የስልክ መስመር ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የሚደውልበት ቁጥር የሌለው ሰው እንደ መጣለት ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዳቸው የሌላውን ድምፅ ያልሰሙ ቤተሰቦች በዚያ ሳምንት ተላቀሱ። ያን ትምህርት አግኝተን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ በራሳችን ዜጎች መካከል ያንኑ ደገምነው። ይህ ሦስተኛ ጊዜ እንዳይደገም የሚያደርገው የባለሥልጣን በጎ ፈቃድ አይደለም፤ የተጻፈ ሕግና የሚያስፈጽም ተቋም ነው።

በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ለሚፋለሙ ወገኖች ሁሉ የምናስተላልፈው መልእክትም ያው ነው። ሰላም እስኪወርድ አትጠብቁ፤ ሰላም ባይወርድም ልትፈጽሙት የምትችሉት ነገር አለ። በምትቆጣጠሩት አካባቢ የቀይ መስቀል ሠራተኛ በነፃ ይዘዋወር፣ የማረካችሁትን ሰው ስም ስጡ፣ የሞተውን አሳውቁ፣ የቴሌኮም ማማ አትምቱ። የፌዴራሉ መንግሥትም መስመር ከመዝጋት ይታቀብ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በያዝነው የሥራ ዘመን ለዐዋጁ ረቂቅ ቀን ቆርጦ ያሳውቀን፤ የምክር ቤቱ አባላት የመረጣቸውን ሕዝብ ቤተሰብ ይጠብቁ እንደሆነ የምንመዝናቸው በዚህ ይሆናል።